ባዕዱ አቶም የት ተቀመጠ? የቀዳዳማ ኦክሳይዶች ዶፒንግና ያልተመለሰው ጥያቄ

ዲያሜትሩ 5 ናኖሜትር በሆነ አንድ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣት ውስጥ 1900 ገደማ የቲታኒየም አቶሞች ይገኛሉ። ከመቶው አንዱን በኒዮቢየም ተካን ስንል በቅንጣቱ ውስጥ 19 የኒዮቢየም አቶሞች አሉ ማለታችን ነው። መጠኑን ወደ 0.1 በመቶ ብናወርደው ሁለት ብቻ ይቀራሉ። 0.05 በመቶ ላይ ስንደርስ ለአንድ ቅንጣት አንድ አቶም ይደርሰዋል፤ ያውም በአማካይ ነው፤ አንዱ ቅንጣት ሁለት ሲያገኝ ጎረቤቱ ምንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ቅንጣቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከአቶሞቹ ግማሽ ያህሉ የሚገኙት ከገጹ ከግማሽ ናኖሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ላይ ነው።

ይህን ስሌት ያስቀደምኩት ስለ ቀዳዳማ ኦክሳይዶች ዶፒንግ፣ ማለትም ጥቂት ባዕድ አቶሞችን ስለ መጨመር፣ የሚጻፈውን ሁሉ የማነበው በእሱ በኩል ስለሆነ ነው። “1 በመቶ ብረት የተጨመረበት”፣ “3 በመቶ ላንታነም የተጨመረበት” የሚሉ ርዕሶች በብዛት ይወጣሉ። ቁጥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ተመራማሪው ሲቀምም ምን ያህል እንደጨመረ ብቻ ነው። አቶሙ በመጨረሻ የት እንዳረፈ አይነግረንም። በክሪስታሉ ውስጥ የቲታኒየምን ቦታ ተክቶ ሊሆን ይችላል፤ በአቶሞች መካከል ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል፤ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ለብቻው ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ከመሰሎቹ ጋር ተሰባስቦ የራሱን ትንሽ ኦክሳይድ ሠርቶም ሊሆን ይችላል። አራቱም “ዶፒንግ” ተብለው ይጻፋሉ፤ የሚሰጡት ባሕርይ ግን አራት የተለያየ ነው። በዘርፉ ለዓመታት የዘለቁት ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ይመስለኛል፤ መፍትሔያቸውም ከዚሁ የሚጀምር ነው።

ትርፉና ጉድለቱ

ዶፒንግ በሰፊው የታወቀው በሲሊከን ነው። ከሚሊዮን የሲሊከን አቶሞች አንዱን በፎስፈረስ ወይም በቦሮን መተካት የኤሌክትሪክ ባሕርዩን ለመለወጥ ይበቃል። በኦክሳይዶች ዘንድ ግን የሚጨመረው ከመቶ አንድ፣ አንዳንዴም ከመቶ አሥርና ከዚያ በላይ ነው። ይህን ያህል የሚያስፈልገው ኦክሳይድ የገባበትን የቻርጅ ትርፍ ወይም ጉድለት በራሱ መንገድ የማካካስ ችሎታ ስላለው ነው።

ኒዮቢየምን እንመልከት። አምስት አዎንታዊ ቻርጅ ይዞ አራት ብቻ ያለውን ቲታኒየም ሲተካ አንድ ትርፍ ይፈጠራል። ክሪስታሉ ይህን ትርፍ የሚያቻችልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ኒዮቢየም አንድ ኤሌክትሮን መያዝ ነው፤ ያኔ ቁሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ አራት ኒዮቢየም አንድ የቲታኒየም ስፍራ ባዶ መተው ነው፤ ያኔ ኤሌክትሮኑ የለም፣ ማስተላለፉም የለም። የትኛው እንደሚሆን በአመዛኙ የሚወስነው በእቶኑ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው። ኦክስጅን በበዛበት የተቃጠለው ወደ ባዶ ስፍራዎቹ ያደላል፤ ሃይድሮጅን ባለበት የተቃጠለው ወደ ኤሌክትሮኖቹ። አቀማመሙ አንድ ሆኖ እቶኑ ብቻ ሲለያይ ሁለት ተቃራኒ ቁሶች ይወጣሉ ማለት ነው።

ጉድለት ሲሆን ደግሞ የሚጎድለው ኦክስጅን ነው። ሦስት ቻርጅ ያለው ይትሪየም አራት ቻርጅ ባለው ዚርኮኒየም ቦታ ሲገባ፣ ለሁለት ይትሪየም አንድ የኦክስጅን ስፍራ ባዶ ይሆናል። በእነዚህ ባዶ ስፍራዎች በኩል የኦክስጅን አዮን ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ሊጓዝ ይችላል። 8 በመቶ ገደማ የይትሪየም ኦክሳይድ የተጨመረበት ዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) በከፍተኛ ሙቀት የኦክስጅን አዮኖች አስተላላፊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በመኪና የጭስ ቱቦ ውስጥ የኦክስጅኑን መጠን የሚለካው ሴንሰርም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ከቻርጅ ሌላ መጠንም አለ። የቲታኒየም አዮን ራዲየስ 0.061 ናኖሜትር ገደማ ነው። ኒዮቢየም 0.064፣ ብረት 0.065 ስለሆኑ ያለ ብዙ ችግር ቦታውን ይይዛሉ። ላንታነም ግን 0.103 ነው፤ ክሪስታሉ ውስጥ ለመግባት እጅግ ይሰፋል። በላንታነም ዶፕ የተደረገ ቲታኒያ (የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ) የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥም መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ላንታነሙ ከውጭ እንደቀረ ነው። ከውጭ መቅረቱ ደግሞ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም።

ቀዳዳ የሚያመጣው ጣጣ

ቀዳዳዎቹ የሚፈለጉት ለገጽ ስፋት ነው። በ5 ናኖሜትር ቅንጣቶች የተሠራ ቲታኒያ በአንድ ግራም ወደ 300 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገጽ ሊኖረው ይችላል። ጋዝም ሆነ ፈሳሽ የሚነካው ያንን ገጽ ስለሆነ ኬሚካዊ ለውጡ ሁሉ የሚካሄደው እዚያ ነው። በዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማኅበር አመዳደብ ከ2 ናኖሜትር በታች ያለው ቀዳዳ ማይክሮ፣ ከ2 እስከ 50 ያለው ሜሶ፣ ከ50 በላይ ያለው ማክሮ ይባላል። ለኦክሳይዶች በጣም የተለፋበት መካከለኛው ነው። በ1992 የሞቢል ነዳጅ ኩባንያ ተመራማሪዎች በሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ቅርጽ አውጪነት እኩል ቀዳዳ ያለው ሲሊካ (የሲሊከን ኦክሳይድ) ሠሩ፤ በ1998 ደግሞ ዘዴው ረጃጅም ፖሊመሮችን በመጠቀም ወደ ቲታኒየም፣ ዚርኮኒየም፣ ቲንና ሌሎችም ኦክሳይዶች ተሸጋገረ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። የብረታ ብረቱ ውሁድና ፖሊመሩ በአልኮል ውስጥ ይሟሟሉ። አልኮሉ ሲተን ፖሊመሩ ራሱን በራሱ ያደራጃል፣ ኦክሳይዱም በዙሪያው ይረጋል። ከዚያ በ350 ወይም በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃጠል ፖሊመሩ ይጠፋና በነበረበት ቦታ ቀዳዳ ይቀራል። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ግድግዳው ገና ቅርጽ የለሽ ነው፤ ጥሩ ክሪስታል እንዲሆን ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱ ሲጨምር ክሪስታሎቹ ያድጋሉ፤ ሲያድጉ ግድግዳውን ይቀዳድዱትና ቀዳዳዎቹ ይደረመሳሉ። ክሪስታልነትና ቀዳዳማነት የሚጎተቱት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ማንም በዚህ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ትግል ነው።

ባዕዱ አቶም የሚገባው በዚህ ትግል መሐል ነው። የእሱ ውሁድ ከዋናው ውሁድ ጋር እኩል ፍጥነት ላይረጋ ይችላል። አንዱ ቀድሞ ከረጋ ሌላው ለብቻው ይከመራል። ሲቃጠልም፣ ክሪስታሉ እየተስተካከለ በሄደ ቁጥር የማይመቸውን አቶም ወደ ውጭ መግፋት ይቀናዋል። በትልቅ ክሪስታል ውስጥ ወደ ገጹ የሚወስደው መንገድ ረጅም ስለሆነ አቶሙ ባለበት ይታሰራል። በቀዳዳማው ቁስ ግን ገጹ ሁልጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ናኖሜትር አይርቅም። ለትልቅ ክሪስታል የተጻፈ የዶፒንግ ሕግ ለቀዳዳማው እንዳለ የማይሠራው ለዚህ ነው።

አንድ ዕቃ፣ ሦስት አቀማመጥ

የቦታ ጥያቄ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በጉልህ የሚታየው አሁን በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ መኪኖች ላይ ባለው የጭስ ማጽጃ፣ በካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው። የዘርፉ ትልቁ ስኬት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ዶፒንግ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

በኮንቨርተሩ ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተበተኑት ጋማ አሉሚና በተባለ ቀዳዳማ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ላይ ነው። ጋማ አሉሚና ከ1000 ዲግሪ ባለፈ ሙቀት ወደ አልፋ አሉሚና ይለወጣል፤ ያን ጊዜ በግራም ከ150 እስከ 200 ካሬ ሜትር የነበረው ገጹ ወደ ጥቂት ካሬ ሜትር ያሽቆለቁላል፣ ውድ ማዕድናቱም አብረው ይቀበራሉ። ጥቂት በመቶ ላንታነም ሲጨመርበት ግን ለውጡ ወደ ላቀ ሙቀት ይገፋል። ኢንዱስትሪው ይህን ምክንያቱን በውል ሳያውቅ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሞበታል። በ2004 የታተመ፣ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሳይንቲስቶች የተሳተፉበት ጥናት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አቶም በአቶም ሲመለከተው ላንታነሞቹ በአሉሚናው ገጽ ላይ አንድ አንድ እየሆኑ ተለጥፈው ተገኙ። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ተሰባስበውም የራሳቸውን ኦክሳይድ አልሠሩም። ገጹን አጥብቀው የሚይዙት እዚያ በመቀመጣቸው ነው። ቢገቡ ኖሮ ጥቅማቸው በቀረ ነበር።

ከአሉሚናው ጎን ሴሪያ አለ፤ የሴሪየም ኦክሳይድ። ሥራው ኦክስጅን ማጠራቀም ነው። የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅን በክብደት ከ14.6 ወይም ከ14.7 ለ1 አካባቢ ለመያዝ ቢጥርም ከዚያ ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ኦክስጅን ሲተርፍ ሴሪያ ይቀበላል፣ ሲያጥር ይሰጣል፤ ሴሪየም ከአራት ቻርጅ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት እየተመላለሰ። ንጹሕ ሴሪያ ግን በሞተሩ ሙቀት ይጨመቃል፤ የሚሰጠውም ኦክስጅን በአብዛኛው ከገጹ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ዚርኮኒየም ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። የዚርኮኒየም አዮን በዚህ መዋቅር 0.084 ናኖሜትር፣ የሴሪየሙ 0.097 ነው። ትንሹ አዮን በትልቁ ቦታ ሲገባ ዙሪያውን ያሉት የኦክስጅን ትስስሮች ይዛባሉ፣ አንዳንዶቹም ይላላሉ። ያኔ ከጥልቁ ያለው ኦክስጅን ጭምር መንቀሳቀስ ይጀምራል። እዚህ ባዕዱ አቶም ከውጭ ቢቀር ዋጋ የለውም። ውስጥ፣ በደንብ ተቀላቅሎ፣ እኩል ተሠራጭቶ መገኘት አለበት።

ሦስተኛው ቀደም ሲል ያነሣሁት የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ይትሪየሙ ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ የፈጠረው ባዶ ስፍራ እንዲንቀሳቀስ ነጻ መሆን አለበት። ይትሪየም ከመጠን በላይ ሲበዛ ባዶ ስፍራዎቹ ከባዕዶቹ አቶሞች ጋር እየተቆራኙ ይታሰሩና ማስተላለፉ መልሶ ይወርዳል። 8 በመቶ አካባቢ የተመረጠው በዚህ ሚዛን ነው።

በአንድ የጭስ ቱቦ ላይ ሦስት ባዕድ አቶሞች፣ ሦስት የተለያዩ መኖሪያዎች። መሐንዲሶቹ እነዚህን ሲያሻሽሉ የጠየቁት “ስንት በመቶ?” ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደረስም ነበር።

ጋዝ የሚያሸት ኦክሳይድ

የቲን ኦክሳይድ የጋዝ ሴንሰሮች ታሪክ በ1962 በጃፓን ይጀምራል። ሴይያማና ባልደረቦቹ በዚንክ ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ጋዝን መለየት እንደሚቻል ያሳዩት በዚያ ዓመት ነው፤ ታጉቺ ደግሞ በቀዳዳማ ቲን ኦክሳይድ የተሠራውን መሣሪያ ወደ ምርት አመጣ። አሠራሩ ደስ የሚል ነው። በ200 እና በ400 ዲግሪ መካከል በሚሞቀው ኦክሳይድ ገጽ ላይ ከአየሩ የመጣ ኦክስጅን ይጣበቅና ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ከገጹ ሥር ኤሌክትሮን የራቆተው ስስ ንብርብር ይፈጠራል፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም የምድጃ ጋዝ ሲመጣ ከተጣበቀው ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ይመለሳሉ፤ ተቃውሞው ይወርዳል፤ ማንቂያው ይጮሃል።

ያ ንብርብር በቲን ኦክሳይድ 3 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት አለው። በ1991 የያማዞኤ ቡድን ያሳተመው ሥራ የሚያስገርም ግልጽነት አለው፤ የቅንጣቶቹ ስፋት ከ6 ናኖሜትር፣ ማለትም ከንብርብሩ እጥፍ በታች ሲወርድ የሴንሰሩ ስሜት በድንገት ወደ ላይ ይመነጠቃል። ከዚያ በታች ቅንጣቱ በሙሉ ንብርብር ስለሆነ ገጹ ላይ የሚደርሰው ነገር ሁሉ እስከ መሐሉ ይሰማል።

ቀጥለው ያደረጉት ነው ለእኔ ዋናው። ንብርብሩን በዶፒንግ ማስፋት ወይም ማጥበብ ይቻላል ብለው አሰቡ። ሦስት ቻርጅ ያለው አሉሚኒየም ሲጨመር ኤሌክትሮን ይቀንሳል፤ ንብርብሩ ይሰፋል፤ ስሜቱ ይጨምራል። አምስት ቻርጅ ያለው አንቲሞኒ ሲጨመር ኤሌክትሮን ይበዛል፤ ንብርብሩ ይጠባል፤ ስሜቱ ይወድቃል። ሆነም። ግምቱ ከልኬቱ በፊት ተነግሮ፣ ልኬቱ ግምቱን አረጋገጠ። ዶፒንግ እንዲህ ሲሠራ ሳይንስ ነው፤ ባዕድ አቶሞችን በየተራ እየሞከሩ የተሻለውን መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በንግድ ላይ ያሉት ሴንሰሮች ፓላዲየምም አላቸው፤ በጽሑፎችም “በፓላዲየም ዶፕ የተደረገ” ይባላሉ። ፓላዲየሙ ግን በአብዛኛው በቅንጣቶቹ ላይ በጥቃቅን ክምችት የተቀመጠ ነው። የሚሠራውም ጋዙን በማንቃት፣ ከኦክሳይዱም ጋር በሚገናኝበት ቦታ ኤሌክትሮን በመሳብ ነው። አሉሚኒየሙና ፓላዲየሙ በአንድ ቃል ሲጠሩ ጀማሪው ተመራማሪ ሁለቱን አንድ ዓይነት ሥራ አድርጎ ያያል፤ ሙከራውንም በዚያው ስሕተት ላይ ያቆማል።

ቲታኒያና ብርሃን፦ የጠፋው መንገድ

በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ በብርሃን ኃይል ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደሚከፍል አሳወቁ። ዓለም ተነቃቃ፤ እንቅፋቱም ወዲያው ታየ። አናቴዝ የተባለው የቲታኒያ ዓይነት ኤሌክትሮኑን ለማስነሣት 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ይፈልጋል፤ ይህ የኢነርጂ ክፍተት ይባላል። ይህን የሚያሟላው ከ388 ናኖሜትር ያጠረ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ሲሆን፣ ከፀሐይ ኃይል ውስጥ ድርሻው ከመቶ አምስት አይበልጥም። የሚታየውን ብርሃን እንዲጠቀም ማድረግ የብዙዎች ሕልም ሆነ፤ መሣሪያውም ዶፒንግ።

በ2001 የአሳሂ ቡድን ናይትሮጅን የገባበት ቲታኒያ ከ500 ናኖሜትር በታች ባለው የሚታይ ብርሃን እንደሚሠራ አስታወቀ። ማብራሪያቸው ናይትሮጅን የኦክስጅንን ቦታ ሲይዝ የኢነርጂ ክፍተቱ ይጠባል የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የጽሑፍ ጎርፍ መጣ። ነገር ግን ቁሶቹ አንድ አልነበሩም። ናይትሮጅን በኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን መለኪያ ሲታይ አንዳንዱ ናሙና በ396 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ሌላው በ400 አካባቢ ምልክት ይሰጣል። የመጀመሪያው በኦክስጅን ቦታ ለተቀመጠ ናይትሮጅን፣ ሁለተኛው በመካከል ለተሰነቀረ ወይም ገጹ ላይ ለተጣበቀ የሚሰጥ ነው። ቢጫው ቀለም ከናይትሮጅኑ ሳይሆን አብረውት ከተፈጠሩ የኦክስጅን ባዶ ስፍራዎች የመጣ ነው ያሉም ነበሩ። በብዙ ናሙናዎች ናይትሮጅኑ ክፍተቱን አላጠበበም፤ ከክፍተቱ ግርጌ ከፍ ብሎ የተነጠለ ደረጃ ነው የፈጠረው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከተነጠለው ደረጃ ላይ የሚነሣው ባዶ ቻርጅ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ ሲነሣ የሚተወው ክፍት ስፍራ፣ ይንቀረፈፋል፤ ከሌሎች ኤሌክትሮን የመንጠቅ ኃይሉም ያነሰ ነው።

ከዚያ በፊት በ1994 ቾይ፣ ተርሚንና ሆፍማን 21 የብረታ ብረት አዮኖችን በቲታኒያ ናኖ ቅንጣቶች ላይ ፈትነው ነበር። በ0.1 እና በ0.5 በመቶ መካከል ብረት፣ ሞሊብዴነም፣ ሩቴኒየም፣ ቫናዲየምና ጥቂት ሌሎች ሥራውን ሲያሻሽሉ፣ ኮባልትና አሉሚኒየም አበላሹት። ይህ ጽሑፍ እጅግ ተጠቅሷል፤ ትምህርቱ ግን በግማሹ ነው የተወሰደው። ብዙዎች የወሰዱት የአዮኖቹን ዝርዝር ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ ባዕዱ አቶም ኤሌክትሮን የሚይዝ ወጥመድ ነው የሚለው ነው። ወጥመዱ ለገጹ ቅርብ ከሆነ የያዘውን ለኬሚካዊ ለውጡ ያስረክባል፤ ሩቅ ከሆነ ወይም ወጥመዶቹ ከበዙ የተያዘው ኤሌክትሮን ከተቃራኒው ጋር ተገናኝቶ በከንቱ ይጠፋል። አሁንም ያው የቦታ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ያባባሰው የፍተሻው ዘዴ ነው። ብዙ ጽሑፎች ውጤታቸውን የሚለኩት ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም በሚታይ ብርሃን ሥር ምን ያህል እንደደበዘዘ በማየት ነው። ቀለሙ ግን ራሱ ያን ብርሃን ይውጣል፤ ውጦም የራሱን ኤሌክትሮን ለቲታኒያው ይሰጥና በራሱ ይፈርሳል። ባዕዱ አቶም ምንም ባይሠራም ቀለሙ ይጠፋል። በዚህ መንገድ ብቻ “የተረጋገጠ” የሚታይ ብርሃን ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥ አፋጣኝ) እንዳልተረጋገጠ መቁጠር ይገባል፤ ቀለም የለሽ ሞለኪውል፣ ለምሳሌ ፌኖል፣ በተጨማሪ መፈተን አለበት።

ያልተጋበዙት

ከሁሉ ይልቅ ስለ ቦታና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩት ማንም ሆን ብሎ ያልጨመራቸው ባዕዳን ናቸው።

ሄማታይት የዝገት ዘመድ ነው፤ ርካሽ፣ የማይመርዝ፣ ክፍተቱም 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ የሚታይ ብርሃን ይውጣል። ደካማ ጎኑ በብርሃን የተፈጠረው ባዶ ቻርጅ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ተጉዞ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ቀዳዳማ ማድረግ የግድ ነው፤ የትኛውም ነጥብ ለውሃው ቅርብ እንዲሆን። በ2010 ሲቩላና የግሬትዘል ቡድን ቀዳዳማ የሄማታይት ሽፋን በብርጭቆ ላይ ሠርተው ሲፈትኑት በመጠነኛ ሙቀት የተቃጠለው ከሞላ ጎደል አይሠራም ነበር። ወደ 800 ዲግሪ ሲወሰድ ግን ሕይወት ዘራ። ምክንያቱ ሲፈለግ ቲን ተገኘ። ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ብርጭቆው የተቀባው በፍሎሪን ዶፕ በተደረገ ቲን ኦክሳይድ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቲኑ ከሥር ወደ ሄማታይቱ ወጥቶ ዶፕ አድርጎታል። በሌላ ብርጭቆ ላይ ቢሠራ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

የስትሮንቲየም ቲታኔት ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይስባል። ቁሱን በቀለጠ ጨው ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ማብሰል የውሃ መክፈል ችሎታውን በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ታየ። ተጣርቶ ሲታይ ጨው የቀለጠበት ዕቃ ከአሉሚና የተሠራ ነበር፤ ጥቂት አሉሚኒየም ከዕቃው ወጥቶ የቲታኒየምን ቦታ ይዟል። የዶመን ቡድን በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ2020 ያቀረበው በአሉሚኒየም ዶፕ የተደረገ ስትሮንቲየም ቲታኔት፣ በ350 እና በ360 ናኖሜትር መካከል ያለውን ብርሃን እስከ 96 በመቶ ለውሃ መክፈያ አዋለ። በ2021 በ100 ካሬ ሜትር ፓነል ላይ ሲሞከር ከፀሐይ ኃይል ወደ ሃይድሮጅን የተለወጠው ቢበዛ 0.76 በመቶ ነበር፤ ምክንያቱም ቁሱ የሚውጠው አልትራቫዮሌትን ብቻ ነው። ልብ ይባል፣ እነዚህ ቅንጣቶች ቀዳዳማ አይደሉም። ጥርት ያሉ ክሪስታሎች ናቸው፤ አሉሚኒየሙም ቦታው በውል ታውቋል። የገጽ ስፋት ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ ለሚያምን ሰው ጠንካራ መልስ ነው።

የሚጎዱም አሉ። በተራ የመስኮት ብርጭቆ ላይ የተቀባ የቲታኒያ ሽፋን ሲሞቅ ሶዲየም ከብርጭቆው ወጥቶ ይገባበትና ብርሃን ተቀባይነቱን ያደክመዋል፤ ራሳቸውን የሚያጸዱ ብርጭቆዎች በመካከል የሲሊካ መከላከያ የሚደረግላቸው ለዚህ ነው። ቀዳዳውን በሲሊካ ቅርጽ አውጪ የሚሠሩትም ሲሊካውን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አጥበው ሲያወጡ ከግድግዳው ላይ ጥቂት ሲሊከን መቅረቱ የተለመደ ነው። “ንጹሕ” ተብሎ ለማነጻጸሪያ የሚቀርበው ናሙና ራሱ ሳይታወቅ ዶፕ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ማነጻጸሪያው ከተበላሸ ንጽጽሩ በሙሉ ተበላሸ።

ምን ማስረጃ ይበቃል?

የተለመደው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምስል ብቻውን አይበቃም። “ሌላ የክሪስታል ዓይነት አልታየም፣ ስለዚህ ባዕዱ አቶም ክሪስታሉ ውስጥ ገብቷል” የሚለው ድምዳሜ በየጽሑፉ አለ፤ ነገር ግን ዘዴው ከአንድ ወይም ከሁለት በመቶ በታች የሆነን፣ በተለይ በጣም ጥቃቅን የሆነን ክምችት ላያይ ይችላል። የፎቶኤሌክትሮን መለኪያው በበኩሉ የሚያየው ጥቂት ናኖሜትር ጥልቀት ነው፤ ለገጽ ጥሩ፣ ለውስጥ ግን ደካማ። ሁለቱ ተጣምረው፣ ከጠቅላላ ኬሚካዊ ትንተናው ጋር ሲነጻጸሩ ነው ትርጉም የሚሰጡት። ገጹ ላይ የተለካው መጠን ከጠቅላላው እጅግ ከበለጠ አቶሙ ወደ ውጭ ተገፍቷል። የአቶሙን ጎረቤቶችና ርቀታቸውን የሚናገረው ሲንክሮትሮን በተባለ ግዙፍ ማመንጫ የሚሠራው የኤክስሬይ መለኪያ ሲሆን፣ አሁን ደግሞ አቶም ለይተው የሚያሳዩ ማይክሮስኮፖች አሉ። ውድ ናቸው፤ ሁሉም ላቦራቶሪ አያገኛቸውም። ያላገኘ ግን ያላየውን እንዳየ አድርጎ መጻፍ የለበትም።

አቶሙ ይቆያል?

አሁን ጥያቄው ወደ ገበያና ወደ ፖለቲካ ገብቷል። ቻይና ከሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ጀምሮ አንቲሞኒን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላክ አደረገች፤ በኤፕሪል 2025 ይትሪየምን ጨምሮ በሰባት ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች ላይ ተመሳሳይ ቁጥጥር ጣለች። በአንድ ዕቃ ውስጥ ጥቂት በመቶ ብቻ የሆነ አቶም መላውን ምርት ሊያስቆም እንደሚችል አምራቾች ተረዱ።

አንቲሞኒ ደግሞ ለሃይድሮጅን ተስፋ ከተጣለባቸው መሣሪያዎች አንዱ ውስጥ አለ። በአሲዳማ ሜምብሬን የሚሠሩ የውሃ መክፈያዎች ኦክስጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ፣ በአኖዳቸው ላይ፣ ኢሪዲየም ኦክሳይድ ይፈልጋሉ። ኢሪዲየም በዓለም በዓመት የሚመረተው ከ7 እስከ 8 ቶን አካባቢ ስለሆነ አብቃቅቶ መጠቀም የግድ ነው። አንዱ መንገድ በቀዳዳማ ቲን ኦክሳይድ ላይ በስሱ መበተን ነው። ንጹሕ ቲን ኦክሳይድ ግን ኤሌክትሪክ በበቂ አያስተላልፍም፤ አንቲሞኒ ሲጨመርበት ያስተላልፋል። በቤተ ሙከራ የሚያምር ውጤት ይሰጣል።

አንቲሞኒ ግን በቲን ኦክሳይድ ውስጥ ሲሞቅ ወደ ገጹ መሰብሰብ ይወዳል። በቀዳዳማው ቁስ ደግሞ ገጽ ማለት ከአሲዱ ጋር የሚገናኘው ግድግዳ ነው። አኖዱ ከ1.5 ቮልት በላይ ሲሠራ አንቲሞኒው ቀስ በቀስ ወደ አሲዱ ይሟሟል፤ ግድግዳው ይራቆታል፤ የተቃውሞው ንብርብር የሚያድገውም ኢሪዲየሙ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ውስጡ አሁንም ያስተላልፋል፤ ግን ኤሌክትሮኑ ማለፍ ያለበት በተራቆተው በኩል ነው። ታንታለምና ኒዮቢየም አማራጭ ሆነው ቀርበዋል፤ ከአንቲሞኒ ያነሰ ያስተላልፋሉ፣ በአሲድ ግን ይበልጥ ይጸናሉ። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን የመጀመሪያው ቀን የማስተላለፍ ቁጥር አይበቃም። ከአንድ ሺህ ሰዓት ሥራ በኋላ በአሲዱ ውስጥ የተገኘው የባዕዱ ንጥረ ነገር መጠን ከጎኑ መጻፍ አለበት፤ ከማነባቸው የማነጻጸሪያ ሠንጠረዦች በብዙዎቹ ይህ ዓምድ ገና የለም።